ታክሲዋን ከመሸጣችሁ በፊት ጠጠሩ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ

ከሁለት ወር በፊት ነው። በደብተር ወረቀት ፊትና ጀርባ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። እህታችን እንዲህ ትላለች።

«ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ባለቤቴ ነው። ባለቤቴ የታክሲ ሹፌር ሲሆን ዕድሜው 48 ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ከፋሲካ ወዲህ ግራ ጎኑን ውጋት ይዞት ሌሊት ሌሊት እንደ ምጥ ያንከባልለዋል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ኩላሊቱ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለ ተባለ። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት ብለው የጠየቁን ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ታክሲዋን ልንሸጥ ደላላ አነጋግረናል። ይህን የሰማ አሜሪካ ያለ ወንድሙ ደውሎ ‹ቆይ፣ አትቸኩሉ፣ የጠጠሩን ዓይነት የሚለይ ባለ ሁለት ጉልበት ሲቲ ስካን አለ፣ አንዳንዱ ጠጠር እኮ በመድኃኒት ይሟሟል› አለን። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ‹ድንጋይ በኪኒን ሲሟሟ የት አይታችኋል? ይልቅ ቢራ ይጠጣ፣ ጠራርጎ ያወጣዋል› ይላሉ። እኔ ማንን ልመን? ደላላው ገዢ ይዤ እመጣለሁ ያለው የፊታችን ዓርብ ነው። ታክሲዋ ከተሸጠች ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?»

ወደዚህ ዓምድ የሚመጣ ደብዳቤ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመለሰው። ይሄኛው ግን የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ «ዓርብ» የምትለዋን ቃል ሳይ ተራ ማስጠበቁን ተውኩትና ከደብዳቤው ግርጌ ባለው ቁጥር ደወልኩ። በማግሥቱ ባልና ሚስቱን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ሰውየው በዚያው መስመር፣ በፒያሳና በመርካቶ መካከል ነው የሚሠራው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ባልሆንም ግን ሐኪም የሚጠይቀውን መጠየቅ እችላለሁ። «ሕመሙ ከየት ተነስቶ የት ይሄዳል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከጀርባዬ ከጎድን በታች ይነሳና ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል። ቁጭ ብል አይተወኝ፣ ብተኛ አይተወኝ። ሰው ይስቅብኛል እንጂ መሬት ላይ ተንበርክኬ አለቅሳለሁ» አለኝ። ግዙፍ ሰው ነው። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ስኒዋን ታሽከረክራለች።

«ውሃስ ትጠጣለህ?»

ሳቀ። «ውሃ ጠጥቼ የት ልሽና? ከሰልፍ ከወጣሁ ተራዬ አለፈ ማለት ነው። ተራ አስከባሪው ይጠብቀኛል እንዴ?» ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መሪ ይይዛል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ይገባል። በዚህ ሁሉ መሃል ሁለት ስኒ ቡናና አንድ ለስላሳ። በጾም ወራት እሷም ትቀራለች። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ቁርጥ፣ ከቁርጡ ጋር ቢራ። ዘንድሮ ስኳር አለብህ ተብሏል። አባቱ የእግራቸው አውራ ጣት እያበጠ፣ ቀልቶ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ሪህ ነበረባቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ወሬ ለማብዛት አይደለም። እያንዳንዷ ነገር ኋላ ላይ ትመጣለች።

በራጅ ሥራ ሃያ ዓመት ያሳለፈ ሐኪም ወዳጅ አለኝ። ከሻይ ቤቱ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ገና ነገሩን ሳልጨርስለት «ጠጠሩ ከምን እንደተሠራ ጠየቁ?» አለኝ። አልጠየቁም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። መጠኑ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ከሽንት ጋር ይወጣል፣ 10 ሚሊ ሜትር ያለፈው ግን በራሱ መውጣቱ ይቸግራል። ሆኖም መጠኑ እኩል የሆነ ሁለት ጠጠር አንዱ በመድኃኒት ይቀልጣል፣ ሌላው በመድኃኒት ንቅንቅ አይልም። ልዩነቱ የተሠራበት ነገር ነው።

ከአሥር ጠጠር ስምንቱ ግድም የካልሲየም ነው፤ በተለይ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው። ይህን የሚያሟሟ ኪኒን የለም። እንግዲህ ጎረቤቶቹ «ድንጋይ በኪኒን አይሟሟም» ያሉት ለብዙው ሰው እውነት ነው ማለት ነው። ከአሥሩ አንዱ ያህል ግን ዩሪክ አሲድ ከሚባል ነገር የሚሠራ ነው፤ ያው ሪህን የሚያመጣው። የቀረው ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጋር የሚመጣውና በዘር የሚወረሰው፣ እሱም ጥቂቱ ነው።

ዩሪክ አሲድ የሚረጋው ሽንት ጎምዛዛ ሲሆን ነው። የሽንት ጉምዛዜ ፒኤች በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ከ5.5 በታች ከሆነ ሽንቱ ለዚህ ጠጠር የተመቸ ማሳ ሆኗል። ቁጥሩን ወደ 6.5 ወይም 7 ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ የረጋው ተመልሶ ይሟሟል። ተአምር የለበትም። ስኳር በሽታና ውፍረት ሽንትን ያጎመዝዛሉ። ሥጋ ሲበዛ ዩሪክ አሲድ ይበዛል። ውሃ ሲያንስ ያ ሁሉ በጥቂት ሽንት ውስጥ ይታጨቃል። ሹፌራችንን አስታወሳችሁት?

አሁን ወደ ወንድሙ ማሽን ልምጣ። ከዚያ በፊት ግን ስለዚህ ድልድይ አንድ ነገር ካላልኩ አያስችለኝም።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓድዋም ዘምተዋል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ያገኘው ከዚያ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነበር። ታዲያላችሁ ራጅ ለጦር ሜዳ ቁስለኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋለ ተብሎ በሕክምና ታሪክ የሚጻፈው የት መሰላችሁ? ጣሊያን አገር፣ ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896። ቁስለኞቹ ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተመቱ ጣሊያናውያን ናቸው፤ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በራጅ ፈለገው። የእኛ አባቶች ያገቡትን እርሳስ ለማውጣት አዲሱ መሣሪያ ተጠራ ማለት ነው! የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ ሲከፈት ይህን ታሪክ እያሰብኩ ነበር።

እርሳስ በራጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካልሲየም ያለበት ጠጠርም እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። ዩሪክ አሲድ ግን ተራ ራጅን እንደሌለ ሆኖ ያልፈዋል። አልትራሳውንድ ጠጠሩን ያሳያል፤ ምንነቱን አይነግርም፤ ቧንቧው መሃል የተሸጎጠውን ደግሞ ሊስተው ይችላል። ሲቲ ስካን ሲመጣ ይህ ችግር ተቃለለ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ማሽኑን የሠራው እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድና ሒሳቡን ቀድሞ ያሰላው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሲቲ ማለት ይቺ ናት የማይባል ጥቃቅን ጠጠር ሳይቀር፣ ዩሪክ አሲዱንም ጨምሮ ያያል።

ያያል እንጂ ምን እንደሆነ እርግጡን አይናገርም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጉልበት የሚገባው።

ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ወርቅ ሠሪዎቿን ያውቃል። ቀለበት ይዛችሁ ብትሄዱ ባለሙያው መጀመሪያ ያገላብጠዋል፣ ይመዝነዋል። በዓይን ግን ቢጫ ሁሉ ወርቅ ነው። ስለዚህ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ ያደርገውና አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ወርቅ ከሆነ ይቆያል፣ ነሐስ ከሆነ ይጠፋል። አንዱ ፈተና መልኩን፣ ሌላው ማንነቱን ይነግራል።

ዱዋል ኢነርጂ ሲቲ የሚባለውም እንደዚያው ነው። አንዱን ኩላሊት በሁለት ዓይነት ጨረር ያነሳዋል፤ አንዴ ጉልበቱ ዝቅ ባለ፣ ለምሳሌ በ80 ኪሎ ቮልት፣ አንዴ ጉልበቱ ከፍ ባለ፣ ለምሳሌ በ140። ካልሲየም ያለበት ጠጠር ደካማውን ጨረር አጥብቆ ያግደዋል፣ ብርቱውን ግን በጣም በላቀ ሁኔታ ያሳልፋል። ዩሪክ አሲድ ደግሞ የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ነው፤ ሁሉም ቀላል ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ጨረር ከሞላ ጎደል በአንድ ዓይን ነው የሚያስተናግደው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ፎቶ አስተያይቶ ጠጠሩን ቀለም ይቀባዋል። በብዙዎቹ ማሽኖች ዩሪክ አሲድ ቀይ፣ ካልሲየም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። «ሕፃን ልጅ እንኳ ያነበዋል» አለኝ ወዳጄ፤ ትንሽ አጋኗል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሃውንስፊልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ጠቁሞት ነበር። ለሆስፒታል የሚሆን ማሽን ግን ቆይቶ ነው የመጣው። ሲመንስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሁለት የጨረር ምንጭ ያለውን ሲቲ ይፋ ያደረገው በ2005 ነው፤ ሌሎቹ ኩባንያዎችም በየራሳቸው ዘዴ ተከተሉ። መርፌ የለውም፣ ጠጠር ለማየት ብቻ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አያስፈልገውም። በአግባቡ ከተነሳ ጨረሩ ከተራው ሲቲ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ከተራ ራጅ ግን ይበልጣል፤ ስለዚህ በየወሩ እየሄዱ የሚነሱት ነገር አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። ጠጠሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀለሙን ማመን ይከብዳል። ግማሹ ዩሪክ አሲድ ግማሹ ካልሲየም የሆነ ቅይጥ ጠጠር ያደናግረዋል። ካልሲየም ያልሆኑትን ሌሎቹን ዓይነቶች እርስ በርስ መለየት ላይም እንደዚያ የተዋጣለት አይደለም። ጥንካሬው አንዱ ላይ ነው፤ «ዩሪክ አሲድ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ በጣም ጎበዝ ነው። ለእኛ ሹፌር ደግሞ ታክሲዋን የሚያስሸጠው ወይም የሚያስቀረው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወዲያው «ማሽኑን ፍለጋ ልሂድ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሁሉም ሲቲ ይህን አይሠራም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ «ይህ ማሽን በሁለት ጉልበት ያነሳል? የጠጠሩን ዓይነት ለይታችሁ ትጽፉልናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ እያለ እንኳ ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ካልጻፈው እንደ ተራ ሲቲ አንስተው ሊሸኟችሁ ይችላሉ። ወንድምየውም ከውጭ ሆኖ «ወደ ባንኮክ ልላክህ፣ ወደ ህንድ ልላክህ» ሲል ከርሟል። እኔና ወዳጄ ግን የመከርነው ሌላ ነው። የሩቁን ከመመኘት በፊት የቅርቡ ይታይ ነው ያልነው።

ምክንያቱም ያ ማሽን የሚነግራችሁን ግማሽ ያህል በርካሽ ነገሮች መገመት ይቻላል። ማንም ጤና ጣቢያ የሚሠራው ተራ የሽንት ምርመራ ወረቀት ላይ ፒኤች የሚል መስመር አለ፤ ሰው አያየውም እንጂ። በአልትራሳውንድ የታየ ጠጠር በተራ ራጅ ካልታየ ራሱን ችሎ ትልቅ ፍንጭ ነው። በደም ውስጥ ያለውን የዩሪክ አሲድ መጠን ማስለካት ይቻላል፤ እሱ ብቻውን ግን አያስፈርድም። ተራ ሲቲ ተነስታችሁ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ጠጠሩ ላይ ጠቋሚውን አሳርፎ የድፍነቱን ቁጥር ማንበብ ይችላል። ቁጥሩ የሚጠራው በዚያው በሃውንስፊልድ ስም ነው። ከ500 በታች ከሆነ ዩሪክ አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ከ1000 በላይ ከሆነ ካልሲየም ነው ብላችሁ ተስፋችሁን ቁረጡ። መሃል ላይ ያለው ግን ያምታታል፤ በዘር የሚወረሰውም ጠጠር እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ፍንጮቹ ሲጣሉ ነው ባለ ሁለት ጉልበቱ ማሽን እንደ ሽማግሌ የሚጠራው። አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከጠቆሙ ግን ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ የወጣ ጠጠር ነው። ሰው ጠጠር በወጣለት ጊዜ እፎይ ብሎ ውሃ ይለቅበታል። ኧረ ባካችሁ! በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለሐኪሙ ስጡ። ጠጠሩ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚገኘው መልስ ከየትኛውም ፎቶ ይበልጣል። (ማጥለያውን ወደ ኩሽና እንዳትመልሱት ብዬ ለሚስትየው ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።)

እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ሐሙስ ዕለት ወደ ሌላ የኩላሊት ሐኪም ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወረቀቱን ተቀብሎ አንድ በአንድ አየው። የሽንቱ ፒኤች 5 ሆነ። ተራ ራጅ ላይ ጠጠር የሚባል ነገር የለም። በደሙ ውስጥ ዩሪክ አሲዱ ከፍ ብሏል። ተራ ሲቲ ተነሳና የጠጠሩ ቁጥር 380 ወጣ። ኩላሊቱ አላበጠም፣ ትኩሳት የለውም፣ ኢንፌክሽንም የለም። «ለኦፕራሲዮን የሚያስቸኩል ነገር አላይም፤ መጀመሪያ ይህን በመድኃኒት እንሞክረው» አለ። ዓርብ ገዢው ታክሲዋን ሊያይ ሲመጣ ሹፌሩ መርካቶ ሰው ጭኖ ሄዷል። ደላላው እስካሁን ኩርፊያው አልበረደም አሉ።

የታዘዘለት ፖታሲየም ሲትሬት የሚባል ነው። ሽንትን ከጉምዛዜ ያወጣል። ጠዋትና ማታ ሽንቱን ቀለም በምትቀይር ወረቀት እየለካ ቁጥሩን በደብተር እንዲጽፍ ተነገረው፤ ከ6.5 እንዳይወርድ፣ ከ7 እንዳያልፍ። ማለፉም ጉዳት አለው፤ ሽንት ጉምዛዜው ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ዓይነት የካልሲየም ጠጠር ይረጋል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ይህን አንብቦ ፋርማሲ ሄዶ «ፖታሲየም ሲትሬት ስጡኝ» የሚል ሰው እንዳይኖር። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድም ሰው፣ ፖታሲየም በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። «እንግዲያው የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጬ ልጠጣ» የሚለውም ብልሃት አይደለም፤ ሶዳው ውስጥ ያለው ሶዲየም ግፊትና የልብ ድካም ላለበት ጠላት ነው። ልኩን የሚያውቀው የደም ምርመራችሁን ያየ ሐኪም ነው። ደግሞም አትርሱ፤ ከአሥሩ ስምንታችሁ ጠጠራችሁ የካልሲየም ነው። ለእናንተ ይህ መድኃኒት ያለውን ጠጠር አያቀልጥም። ኦፕራሲዮን ሲባልም የድሮው ዓይነት ሆድ ቀዶ ማውጣት ብቻ አይምሰላችሁ። ከውጭ በድምፅ ሞገድ የሚከሰክሰው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ከተጀመረ ዕድሜ አስቆጥሯል፤ በሽንት ቧንቧ ገብቶ በሌዘር የሚሰብርም አለ። የትኛው እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ያው የጠጠሩ ዓይነት እዚህም ይገባል፤ በራጅ የማይታይ ጠጠርን በራጅ እያነጣጠሩ መከስከስ አይሆንማ።

የጎረቤቶቹን ቢራ ረስቼው አይደለም። ቢራ ሽንት ያበዛል፤ ሰውም «አጠበኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቢራ ራሱ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ለእንደዚህ ያለ ሰው በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ውሃ ምን አጠፋ? ከስምንት ብርጭቆ ጀምሩና ወደ ላይ ሂዱ፤ የሐኪሞቹ ግብ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ሽንት መሽናት ነው። መለኪያ ካጣችሁ ቀለሙን እዩ፤ እንደ ጠጅ ከሆነ አልጠጣችሁም፣ እንደ ውሃ ከሳሳ ደህና ናችሁ። የሎሚ ጭማቂ ጠቃሚ ነው፣ ስኳር ካላበዛችሁበት። ጿሚዎች የቀኑን ውሃ ከፈታችሁ በኋላ እስክትተኙ ከፋፍላችሁ ክፈሉት፤ ጠጠር ያለበት ሰው ግን ስለ ጾሙ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቢማከር ይሻላል።

«ጠጠር የሚመጣው ከወተት ነው፣ ካልሲየም ስላለው» የሚል ወሬም አለ። ለካልሲየም ጠጠር እንኳ ይህ ስህተት ነው። ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞት ይወጣል። ወተት ያቆመ ሰው ኦክሳሌቱ ብቻውን ወደ ሽንት ይገባና ይብስበታል። ኦክሳሌት የሚበዛበት ቆስጣና ኦቾሎኒ ነው፤ በልክ። ጨው ደግሞ ካልሲየምን ወደ ሽንት ይገፋል፤ ሽሮው ላይ ስትነሰንሱ እያሰባችሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ሹፌሩ ለቁጥጥር ሄደ። በዚህ ጊዜ ሲቲ አላስፈለገም፣ አልትራሳውንድ በቂ ነው። 9 የነበረው 5 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ውጋቱ ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፏል። መድኃኒቱን ይቀጥላል፤ ለስኳሩም ክትትል ጀምሯል። ከቁርጥ ግን ጨርሶ አልተለያየም፤ በወር አንዴ አደረግኩት ይላል፤ ሚስቱ «ሁለቴ ነው» ትላለች።

ለመጠበቅ የማያመቸውን ነገር ተናግሬ ልለያችሁ። ጠጠር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ውጋት ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣበት፣ ያ የጠጠር ሕመም ብቻ አይደለም፤ ከተዘጋ ቧንቧ በላይ መግል ተጠራቅሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ሽንት ጭራሹን የቆመበት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው፣ ትውከቱ ውሃ እንኳ የማያስቀርለት ሰውም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ሰው የጠጠሩን ዓይነት እስኪያውቅ፣ የዚህን ዓምድ መልስ እስኪያነብ፣ ወይም እስኪነጋ አይጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።